በክትክታው ዛፍ ሥር፦ ሐዘንን ወደ እግዚአብሔር ስለ ማምጣት



የዚህ ሳምንት ንባባችን 1ኛ ነገሥት 19፥1-18፣ ዘኁልቁ 11፥10-17፣ መዝሙር 13 እና መዝሙር 88 ነው። መጀመሪያ ክፍሎቹን አንብቡ፥ ከዚያ ወደዚህ ወረቀት ተመለሱ። የድሮውን መጽሐፍ ቅዱስ የያዛችሁ የመዝሙሩ ቁጥር በአንድ ሊያንስባችሁ ይችላል፤ 12 እና 87 ላይ ፈልጉት። ማንበብ የማትችሉ እናቶችና አባቶች፥ ልጆች ያንብቡላችሁ። ልጆች ሆይ፥ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፥ አትሩጡ።

ጠዋት ጀሪካን አሰልፈን ውኃ ስንጠብቅ ሰላምታችን እንዴት ነው? «እንዴት አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደህና።» «ልጆችስ?» «ደህና ናቸው፥ ይመስገን።» ይህን የምትለው እናት ትኩሳት የያዘው ልጅ ታቅፋ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ያደረች ልትሆን ትችላለች። ይህን የሚለው ወንድም ስንት ዓመት የጠበቀው ጉዳይ እንደ ተዘጋ ትናንት ተነግሮት ይሆናል። ግን «ደህና» ይላል። ክፉ ልማድ ነው አልልም። ወላጆቻችን ያስተማሩን ጨዋነት ነው፤ ሰው ገና ከቤቱ ሲወጣ ችግር አናሸክመውም። እግዚአብሔርን ማመስገንም ሁልጊዜ ተገቢ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ሰላምታ ወደ ጸሎታችን ሲገባ ነው። በሩን ዘግተን፥ ተንበርክከን፥ ማንም በሌለበት፥ እግዚአብሔርንም «ደህና ነኝ፥ ይመስገን» ብለነው እንነሣለን። ልባችን ግን ደህና አይደለም። ከዚያ ጸሎት ይከብደናል፤ እየከበደ ሲሄድ እንተወዋለን። ብዙ ሰው ጸሎት ያቆመው እግዚአብሔርን ስለ ካደ አይመስለኝም። የሚናገረው ስላጣ ነው። እውነተኛውን ነገር መናገር ኃጢአት ይመስለዋል፥ ሌላ የሚናገረው ደግሞ የለውም።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አማኝ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ፥ ተስፋ መቁረጡን ለእግዚአብሔር መናገር ይችላል ወይ? በምን ዓይነት ቃል? እግዚአብሔርስ ሲሰማው ምን ያደርጋል?

ስደተኛው ኤልያስ

ኤልያስ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በቀርሜሎስ ተራራ እሳት የወረደለት ኤልያስ ነው። እሱ ምዕራፍ 18 ላይ ነው። ምዕራፍ 19 ብዙ አይሰበክም። ለእኛ ለካምፕ ሰዎች ግን ምዕራፍ 19 የበለጠ ይቀርበናል ብዬ አምናለሁ።

ንግሥቲቱ ኤልዛቤል መልእክተኛ ላከችበት። ነገ በዚህ ሰዓት በሕይወት እንደማይኖር ምላ ነገረችው። ይህ ዓይነት መልእክት ከመካከላችን ለብዙዎች አዲስ አይደለም። በስልክ የደረሰው አለ። ወረቀት በበሩ ሥር የተጣለበት አለ። ጎረቤት በሌሊት መጥቶ «ዛሬ እዚህ እንዳታድር» ያለው አለ። ኤልያስም ነፍሱን ሊያድን ተነሥቶ ሄደ። የአክዓብን ግዛት ለቅቆ የይሁዳ ወደሆነችው ወደ ቤርሳቤህ ተሻገረ። ይሁዳ የሌላ ንጉሥ አገር ነው፥ ቤርሳቤህም ወደ ደቡቡ ጫፍ ናት። ድንበር ተሻገረ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢያየው «በቃ፥ ተረፈ፥ አሁን ያርፋል» ይላል። እሱ ግን አገልጋዩን እዚያ ተወና ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ድንበር መሻገር ልብን እንደማያሳርፍ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

አገልጋዩን ለምን እንደ ተወው መጽሐፉ አይነግረንም። ግን አስተውሉ፦ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ነው፥ መጀመሪያ ከሰው ይርቃል። ቡና ሲጠራ አይመጣም። ኳስ ሜዳ መውጣት ያቆማል። ስልኩን ይዘጋል። «ትንሽ አሞኝ ነው» ይላል። በብሎካችሁ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ልብ በሉት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኤልያስ የተቀመጠበትን ዛፍ የድሮው መጽሐፍ ቅዱሳችን ክትክታ ይለዋል። ክትክታን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቁጥቋጦ ነው እንጂ እንደ ዋርካ ጥላ ያለው ዛፍ አይደለም። እዚህ ካኩማ በቀትር ከእሾሃማ ግራር ሥር ተጠግቶ የተቀመጠ ሰው እንዴት ያለ ጥላ እንደሆነ ይገባዋል፤ ግማሽ ሰውነት ጥላ፥ ግማሹ ፀሐይ። እዚያ ተቀምጦ ሞትን ለመነ። በቃኝ አለ። ከአባቶቹ እንደማይበልጥ ተናገረና ነፍሱን እንዲወስዳት ጠየቀ።

ይህን የለመነው ማንን ነው? እግዚአብሔርን ነው። ራሱን ለመጉዳት እጁን አላነሣም። በሆዱም ይዞት አልዞረም። ያን ያህል ጨለማ የሆነውን ቃል አውጥቶ እግዚአብሔር ፊት አስቀመጠው፥ ከዚያ ተኛ።

አሁን እግዚአብሔር ምን መለሰለት? ቁጥር 5ን ተመልከቱ። አልተቆጣውም። «ትናንት በቀርሜሎስ እሳት አውርጄልህ ዛሬ እንዲህ ትላለህ?» አላለውም። ስብከት አልሰበከለትም። መልአክ ላከለት፥ መልአኩም ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። በራስጌው እንጎቻ ነበረ፥ በማሰሮም ውኃ። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም መተኛቱን አልነቀፈውም። ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ቀሰቀሰውና እንደገና አበላው። ምክንያቱንም ነገረው፦ የሚጠብቀው መንገድ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ። መንገዱ እንደሚከብድ ከሰማይ የመጣው ራሱ ተናገረ። እኛ ብንሆን «መንገዱ ቀላል ነው፥ በርታ» እንለው ነበር።

ወገኖች፥ ይህን ክፍል ሳነብ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። ራሽን ሲቀንስ፥ ሰው በቀን አንዴ እየበላ ሲሰነብት፥ በሙቀቱና በሐሳቡ ብዛት ሳይተኛ ሲያድር፥ በልቡ የሚመጣው ጨለማ ሁሉ የእምነት መጉደል አይደለም። ረሃብም ነው። እንቅልፍ ማጣትም ነው። ሥጋችንን የፈጠረው እግዚአብሔር ይህን ያውቃል። ስለዚህ ተስፋ የቆረጠ፥ ሰውነቱም የደከመ ወንድም ሲመጣላችሁ ቶሎ ብላችሁ «ሦስት ቀን ጹም» አትበሉት። ጾም መልካም ነው፥ በቤተ ክርስቲያናችንም እንጾማለን። ለኤልያስ ግን መልአኩ ያመጣለት እንጎቻ ነው። 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ የሄደው በልቶ ከተነሣ በኋላ ነው።

ኮሬብም ሲደርስ ታሪኩ እንደ ምስክርነት ጊዜያችን ቶሎ አያልቅም። እግዚአብሔር በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው። ኤልያስ ብሶቱን ሁሉ ተናገረ፦ ለእግዚአብሔር ቀንቻለሁ፥ ሕዝቡ ኪዳንህን ትተዋል፥ ነቢያትህን ገድለዋል፥ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፥ እኔንም ይፈልጉኛል። ከዚያ ብርቱ ነፋስ መጣ፥ የምድር መናወጥ መጣ፥ እሳት መጣ፥ ከእሳቱም በኋላ ዝግ ያለ ድምፅ። እግዚአብሔር ያንኑ ጥያቄ ደገመለት። ኤልያስም ምን መለሰ? ቁጥር 10ንና ቁጥር 14ን አስተያዩ። ያንኑ ነው የደገመው! ያን ሁሉ ካየ በኋላ፥ ዝግ ያለውን ድምፅ ከሰማ በኋላ፥ ሐዘኑ አልተለወጠም።

እግዚአብሔርም «ይህንን ነግረኸኛል» አላለውም። ሁለቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማው። ስለዚህ ትናንት ለእግዚአብሔር የነገርከውን ዛሬም መንገር ካስፈለገህ ንገረው። ነገም። ወረፋ የለበትም፥ ቀጠሮም አይሰጥህም።

ሁለቴ ከሰማው በኋላ ነው ሥራ የሰጠው፥ ከእሱ ጋር የሚሄድ ኤልሳዕን የሰጠው፥ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች መኖራቸውን የነገረው። ኤልያስ ብቻዬን ነኝ ሲል ስሕተት ነበር፥ እግዚአብሔርም አረመው። ግን ያረመው መጨረሻ ላይ ነው። አበላው፥ አስተኛው፥ ሰማው፥ እንደገና ሰማው፥ ከዚያ አረመው። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

ልቅሶና ማጉረምረም

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ትሉ ይሆናል፦ «ወንጌላዊ፥ እስራኤል በምድረ በዳ ስላጉረመረሙ አልተቀጡም ወይ? ብሶት መናገር ማጉረምረም አይደለም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ዘኁልቁ 11 ላይ አለ፥ እዚያ ሁለቱም ዓይነት ልቅሶ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ተቀምጧል።

ሕዝቡ በየድንኳናቸው ደጃፍ ሆነው ያለቅሱ ነበር። የሚያለቅሱት እርስ በርሳቸው ነው። በግብፅ የበሉትን ዓሣና ዱባ፥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያነሡ፥ እግዚአብሔር ያወጣቸውን ቤት መልሰው እየናፈቁ። እግዚአብሔር ተቆጣ። በዚያው ቀን፥ በዚያው ምዕራፍ፥ ሙሴም አለቀሰ። የሙሴ ቃል ከሕዝቡ ቃል ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስኩት ወይ፥ እኔ ወለድኩት ወይ ብሎ ጠየቀ። ብቻዬን ልሸከመው አልችልም አለ። እንዲህ ከምታደርገኝ ግደለኝ አለ። እንደዚህ ተናግሮም እግዚአብሔር በሙሴ ላይ እንደ ተቆጣ አልተጻፈም። ሰባ ሽማግሌ ሰብስብ፥ ሸክሙን ከአንተ ጋር ይሸከማሉ አለው።

ልዩነቱ የቃሉ መክበድና መቅለል አይደለም። ሕዝቡ ስለ እግዚአብሔር እርስ በርሳቸው አወሩ፤ ሙሴ ለእግዚአብሔር ለራሱ ተናገረ። ፊታቸው የዞረበት አቅጣጫ ነው የለያቸው።

በቋንቋችን ያለውን ቃል አስቡ። መዝሙረ ዳዊትን ስናነብ በየገጹ «አቤቱ» እንላለን። ከዚሁ ጋር የሚዛመደው «አቤቱታ» የሚለው ቃል ነው። ድሮ በሀገራችን የተበደለ ሰው ንጉሡ ወይም ዳኛው በሚያልፍበት መንገድ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮህ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ ውድቅ የሆነበት ሰው ምን ያደርጋል? አፒል ይጽፋል። አፒል የሚጽፈው ማን ነው? አሁንም የሚሰማ ይኖራል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ጨርሶ ያላመነ ወረቀቱን ቀድዶ ይቀመጣል። ስለዚህ እያለቀስክ፥ ድምፅህ እየተንቀጠቀጠ «እስከ መቼ?» ብለህ ወደ እግዚአብሔር የምትጮኸው ነገር እምነትህ የሞተበት ምልክት አይደለም። ከሞተ አቤት አትልም ነበር።

ዳዊት መዝሙር 13 ላይ «እስከ መቼ» የሚለውን በሁለት ቁጥር ብቻ አራት ጊዜ ደጋገመው። ረስተኸኛል ወይ ይለዋል እግዚአብሔርን። ይህ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ፥ በዘማሪዎች እጅ፥ በጉባኤ እንዲዘመር የተሰጠ ነው። ከ150ው መዝሙር ከሲሶ የማያንሰው እንዲህ የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙር ነው። በጉባኤያችን ግን ስንዘምር የምስጋናውን ብቻ እየመረጥን የልቅሶውን እንዘላለን። ይህ አስተያየቴ ነው፥ ዘማሪዎች አትቀየሙኝ።

ብርሃን ሳይወጣ የሚያልቀው መዝሙር

መዝሙር 13 መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራል። ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙራት እንደዚያ ናቸው። መዝሙር 88 ግን አይዞርም። በኤማን ስም የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያው ቁጥር በቀር ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ነው። ከወዳጆቹ እንደ ተለየ፥ ወደ ጉድጓድ ከሚወርዱት እንደ ተቆጠረ፥ እግዚአብሔር ፊቱን እንደ ሰወረበት ይናገራል። እየጠበቃችሁ ታነባላችሁ፥ አሁን ይዞራል፥ አሁን «ነገር ግን» ይላል ብላችሁ። አይልም። በጨለማ ውስጥ እንዳለ ያልቃል።

ለምን እግዚአብሔር እንዲህ ያለ መዝሙር በመጽሐፉ ውስጥ እንዲኖር ፈቀደ? እኔ የሚመስለኝ፥ እንዲህ ያለ ሌሊት ያለባቸው ልጆች እንዳሉት ስለሚያውቅ ነው። በካምፕ 10 ዓመት፥ 15 ዓመት የኖረ ሰው «ከዚያ ጌታ በር ከፈተልኝ» የሚለውን ምስክርነት ሁልጊዜ ይሰማል፤ የሚመሰክረው ግን ሌላው ነው። ፕሮሰሱ ያለቀለት፥ በረራ የደረሰው። እኛም እልል እንላለን፥ ደስታችንም እውነት ነው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ምስክርነት የሌለው ሰው በእግዚአብሔር ቤት ቦታ ያለው አይመስለውም። መዝሙር 88 ቦታ አለህ ይለዋል። መልስ ሳይመጣልህም የጸለይከው ጸሎት ጸሎት ነው፥ በመጽሐፉም ተጽፏል።

ያው ኤማን አንድ ነገር አልተወም። በጨለማው ውስጥ ሆኖ ሲነጋም ሲመሽም ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል። መጀመሪያ ቁጥር ላይም መድኃኒቴ ብሎ ይጠራዋል። የቀረው ያ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን የሚቀረን ያ ብቻ ይሆናል።

አጋርን ደግሞ አስቡ፥ ዘፍጥረት 21። ግብፃዊት ናት፥ ከቤት የተባረረች፥ ልጅ ይዛ። የተቅበዘበዘችው እዚያው በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ነው፥ ኤልያስ ከብዙ ዘመን በኋላ የሄደበት። በአቁማዳ የያዘችው ውኃ አለቀ። ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጠችውና ሲሞት እንዳታይ ርቃ ተቀምጣ አለቀሰች። ያማረ ጸሎት አልጸለየችም። ልጁም እንዲሁ፤ እግዚአብሔር ግን የብላቴናውን ድምፅ ሰማ ይላል። ባዶ ጀሪካን ይዛ ለተመለሰች እናት ከዚህ የሚበልጥ ስብከት እኔ የለኝም።

ጌታችን በጌቴሴማኒ

ከሁሉ በላይ ጌታችን ራሱ በዚህ መንገድ አልፏል። ማርቆስ 14ን አንብቡ። ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ሳይደብቅ ነገራቸው። የእግዚአብሔር ልጅ «ደህና ነኝ» አላለም። ሦስቱን ጓደኞቹን ከእኔ ጋር ቆዩ፥ ትጉ አላቸው፤ እነሱም ተኙ። ያንኑ ቃል ደግሞ ደጋግሞ ጸለየ። ዕብራውያን 5፥7 በብርቱ ጩኸትና በእንባ እንደ ጸለየ ይናገራል። በመስቀልም ላይ ለምን ተውኸኝ የሚለውን የመዝሙር 22ን ልቅሶ ነው የጮኸው።

ስለዚህ አንተ ስታለቅስ ልቅሶን ወደማያውቅ አምላክ አይደለም የምትመጣው። ጽዋው እንዲያልፍ መለመን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ኃጢአት የሌለበት እሱ አይለምነውም ነበር። «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ያለውም ልመናውን ከተናገረ በኋላ ነው። አንዳንዶቻችን ልመናውን ዘልለን ወደ «ፈቃድህ ይሁን» እንሮጣለን፥ ልባችን ግን እዚያ አልደረሰም።

ለሚያጽናኑ

ኢዮብ 2፥13ን አንብቡ። የኢዮብ ጓደኞች በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣቸው ሰዎች ናቸው። ግን አንድ መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ። የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው።

በሀገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፥ በማለዳ፥ ሰው እንዳይወድቅ የሚይዘው ተዘጋጅቶ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል። በመጀመሪያው ቀን «አታልቅስ» የሚል የለም። እዚህ ግን መርዶው በስልክ ይመጣል። እናቴ ስታርፍ የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፥ ሰው በሚበዛበት ቦታ ቆሜ። አልቀበርኳትም። በዚያን ቀን ብዙ ሰው መጣ፥ ብዙም ቃል ተነገረኝ። ሁሉም በፍቅር ነው። አሁን ግን ከተባለው አንዱም ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ አንዲት የጉባኤያችን እናት ናት። ምንጣፉ ጥግ ተቀመጠች፥ እኔ ሳለቅስ አለቀሰች፥ ዝም ስል ዝም አለች። ማታ ስትነሣ «ነገም እመጣለሁ ልጄ» አለችኝ። መጣችም። ደግሞ የሶማሌው ጎረቤቴ፥ ሙስሊም ነው፥ ሻይ በፔርሙስ ይዞ መጥቶ እስኪመሽ ከእኔ አልተለየም።

እንግዲህ ሐዘንተኛ ቤት ስትገቡ ቶሎ ቶሎ ጥቅስ አትጥቀሱ። «ኃጢአትህን መርምር» አትበሉ፤ ይህን ያሉት የኢዮብ ጓደኞች ናቸው፥ እግዚአብሔርም ቀና ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፥ ኢዮብ 42፥7። ያ ሁሉ ምሬት የተናገረው ኢዮብ ግን ቀናውን እንደ ተናገረ ራሱ መሰከረለት። «ከአንተ የባሰም አለ» የሚባለውንም ብትተዉት መልካም ነው። እውነት ነው፥ የባሰ አለ፥ ግን ያ ማንን አጽናንቶ ያውቃል?

መኖር ለከበደህ፥ መኖር ለከበደሽ

ይህን በግልጽ እጽፈዋለሁ፥ ምክንያቱም በመካከላችን አለና። ሞትን የሚያስብ ሰው ይህን ወረቀት ይዞ ይሆናል። ሙሴ፥ ኤልያስ፥ ዮናስ፥ ኢዮብ፥ ኤርምያስ በአንድ ወቅት ሞትን ተመኝተዋል ወይም የተወለዱበትን ቀን ረግመዋል። እግዚአብሔር አንዳቸውንም አልጣላቸውም፥ የለመኑትንም ሞት አልሰጣቸውም። አንተንም አልጣለህም፥ አንቺንም አልጣለሽም።

ለእግዚአብሔር ንገረው። ለአንድ ሰው ደግሞ ዛሬ ንገር፥ እስከ እሑድ አትጠብቅ። ለሙሴ 70 ሽማግሌ፥ ለኤልያስ ኤልሳዕ ተሰጠው፤ የእግዚአብሔር መልስ ብዙ ጊዜ በሰው እግር ይመጣል። ወደ ሽማግሌ ሂድ፥ ወደ እኔ ቤት ና፥ በሌሊትም ቢሆን አንኳኳ። ወደ ክሊኒክም ሂዱ፥ የምክር አገልግሎት ያለበትን ጠይቁ። የልብ መታመም እንደ ወባ ሕመም ነው፥ የሚያሳፍር አይደለም። ወባ የያዘውን ጸልየንለት መድኃኒቱን እንዲውጥ እናደርገው የለ? እንደዚያው ነው። ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ ቅድም ያልኩትን ሰው፥ ቡና የማይመጣውን፥ ስልኩን የዘጋውን፥ ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረውን፥ ሄዳችሁ እዩት። ሞትን አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ነገሩን አያስጀምረውም፥ ያቀልለታል እንጂ። ብቻውን እንዳያድር አድርጉ።

እንዴት እንጸልይ?

በአፍ በፈታችሁበት ቋንቋ ጸልዩ። በኦሮምኛ ይሁን፥ በአኙዋክኛ፥ በትግርኛ፥ በአማርኛ። ልቅሶ በተማሩት ቋንቋ አይወጣም። ነገሩን በስሙ ጥሩት። «ጌታ ሆይ፥ ያለሁበትን ሁኔታ ታውቃለህ» ብላችሁ አታልፉ፤ እሱስ ያውቃል፥ እናንተ ግን ተናገሩት። «ልጄ ከጠፋ 3 ዓመት ሆነው» በሉ። «ባለቤቴን የገደሉትን ሰዎች ማየት አልችልም» በሉ። «ተቆጥቻለሁ» በሉ። «በአንተም ላይ ተቆጥቻለሁ» ማለት ካስፈለገም በሉት፥ ኤርምያስ ምዕራፍ 20 ላይ ከዚያ የማይቀል ተናግሯል። ቃል ካጣችሁ መዝሙር 13ን ጮክ ብላችሁ አንብቡና «የእኔም ነው፥ አሜን» በሉ። ማንበብም ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ ቃትቱ፤ ሮሜ 8፥26 መንፈስ ቅዱስ በመቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል።

ቤታችን ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፥ ጎረቤት ይሰማል ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ሐና 1ኛ ሳሙኤል 1 ላይ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ነው የጸለየችው፥ ድምፅዋ አልተሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። እግዚአብሔር ግን አልተሳሳተም። ወደ ላጋውም ወርዳችሁ፥ ጎርፍ በማይመጣበት ወቅት፥ ማልቀስ ትችላላችሁ።

በየቤቱ ጥናት ላይ የምንወያይባቸው

1. ኤልያስ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ (19፥10 እና 14) እግዚአብሔር ለምን አልገሠጸው ይመስላችኋል?

2. ለእግዚአብሔር ለመናገር የፈራችሁት ነገር አለ? መናገር የማይፈልግ አይገደድ።

3. በብሎካችን በዚህ ወር ያልታየ ሰው ማን ነው? ስሙን ጻፉ፥ ማን እንደሚሄድ፥ በየትኛው ቀን እንደሚሄድ ተስማሙ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፥ ዳቦም ቢሆን ሻይ ያዙ።

ረቡዕ ማታ የጸሎት ሰዓታችን ላይ መዝሙር 88ን በአማርኛና በኦሮምኛ ጮክ ብለን እናነባለን። ምስክርነት አይኖርም፥ ስብከትም አይኖርም። ማልቀስ የፈለገ ያለቅሳል፥ ዝም ማለት የፈለገ ዝም ይላል። ከጸሎቱ በኋላ እናቶች ቡና ያፈላሉ፤ ስኳር ያለው ይዞ ይምጣ።